ሲሚን ምን አጠፋች?

ደሴ ውስጥ ፊልም እያሳየ ተመልካቹን የሚያወያይ አንድ ስብስብ ከእንግዲህ «ተመልካች ሊወዳቸው የማይችሉ ባልና ሚስት» ያሉባቸውን ፊልሞች እንደማያሳይ በዚህ ሰሞን አስታውቋል። ለዚህ ያበቃው የኢራናዊው ዳይሬክተር የአስጋር ፋርሃዲ «ኤ ሴፓሬሽን» በታየበት ምሽት ሲሚን በተባለችው የፊልሙ ሚስት ላይ የተነሣው ቁጣ ሲሆን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ውሳኔውን ሲያስረዱ «የእኛ ሕዝብ ትዳር አክባሪ ነው፤ የታመሙ አማቷን ጥላ የወጣች ሴት አምጥተን ወጣቱን ማስተማር የለብንም» ብለዋል። አክለውም ስዊድን ውስጥ ስለ ባልና ሚስት ጠብ የተሠራ አንድ ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ፍቺ ማሻቀቡን ለአባባላቸው ማስረጃ አድርገው አቅርበዋል።

ከስዊድኑ ማስረጃ ልጀምር፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነውና። የተጠቀሰው ሥራ የስዊድናዊው ዳይሬክተር የኢንግማር በርግማን ባለ ስድስት ክፍል ድራማ ነው፤ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በማግሥቱ ዓመት በስዊድን የተፋቺዎች ቁጥር መጨመሩ እውነት ነው። አዘጋጁ ያልነገሩን ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በዚያው አገር አዲስ የጋብቻ ሕግ ሥራ ላይ መዋሉን ነው። በአዲሱ ሕግ መሠረት የሚፋታ ሰው የትዳር ጓደኛውን ጥፋት ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወይም አንደኛው ወገን ለተቃወመባቸው የተተወው የስድስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ብቻ ነበር። ዓመታት ሲጠብቅ የኖረ ሰው በሩ ሲከፈትለት ወጣ። ይህን ሁሉ ለበርግማን ማሸከም ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላው ነው ብሎ እንደመከራከር ነው። ደግሞስ ወሎ ውስጥ ሰው ለመፋታት ፊልም ጠብቆ ያውቃል? በኒካህም ሆነ በሰማንያ የተጋቡ አያቶቻችን ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር በዓይናቸው ሳያዩ ይጣሉ፣ ይታረቁ፣ ሳይሆንላቸው ሲቀርም ንብረታቸውን ተካፍለው ይለያዩ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ፊልሙ በታየበት ምሽት እኔም ነበርኩ። ሲሚን ሻንጣዋን ይዛ ከቤት ስትወጣ ከየአቅጣጫው «ዓይንሽ ላፈር» ተባለች። ባሏ ናደር ዳኛ ፊት ቆሞ ሲዋሽ ግን «ምን ያድርግ፣ አባቱን ብሎ ነው» ተባለለት። አዘጋጆቹ ይህን ሁሉ ሰምተው የደረሱበት መደምደሚያ «ባልና ሚስቱ አይወደዱም» የሚል መሆኑ ያስገርመኛል። ያልተወደደችው ሚስቲቱ ብቻ ናት። ናደርማ ተወድዶ፣ ታዝኖለትና ተጨብጭቦለት ነው የወጣው።

ጭብጨባው የተሰማው ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ፋርሃዲ ካሜራውን በዳኛው ቦታ ስላስቀመጠው ባልና ሚስቱ አቤቱታቸውን የሚያሰሙት ፊት ለፊት ለእኛ ነው። ሲሚን ልጇን ይዛ ከአገር መውጣት ትፈልጋለች፤ ባሏም አብሯት እንዲሄድ ትሻለች። ናደር ደግሞ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አባቱን ትቶ አይሄድም። «እሳቸው እኮ ልጃቸው መሆንህን እንኳ አያውቁም» ትለዋለች፤ «እኔ ግን አባቴ መሆናቸውን አውቃለሁ» ይላታል። ወላጅ ያሳደገው ሰው ይህን መልስ ሰምቶ ልቡ ሳይነካ አይቀርም፤ የእኔም ተነክቷል። አዳራሹ ግን በመነካት ብቻ አላበቃም፤ ፍርዱንም እዚያው ቆርጦ ጨረሰ። የቀረውን ሁለት ሰዓት ገደማ ያየነው አስቀድሞ ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ ሆኖ ነው።

ፍርዱን ሳይቸኩል ለመስጠት የታገሠ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚከተለውን ባየ ነበር። ሲሚን ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ አዛውንቱ እጇን ይዘው አልለቅ ይላሉ። የሰው ስም የጠፋባቸው ሽማግሌ የሙጥኝ ያሉት «ጥላቸው ሄደች» የተባለችውን ምራታቸውን ነው። እሷ በወጣች ማግሥት ቤቱ ቀን ቀን አዛውንቱን የሚጠብቅ ሰው መቅጠር አስፈለገው። ናደር አባቱን ሲያጥብ በእንባ የሚታጠብበት ትዕይንት መኖሩን አልረሳሁም፤ ፊልሙ ለእሱ ያለው ርኅራኄ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ናደር ሥራ ውሎ ማታ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ አዛውንቱን የመጠበቁ ሸክም በትንሽ ክፍያ የወደቀው ራዚየህ በምትባል ነፍሰ ጡር ድኻ ላይ ነው። ከከተማው ዳር ትመጣለች፤ ሥራ መያዟን ከባሏ ደብቃለች፤ የአንድ ባዕድ አዛውንት ልብስ መቀየር በሃይማኖቷ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ በስልክ ትጠይቃለች። አባትን የማክበር ክብር ለልጁ ሲቆጠር፣ ልብስ የመቀየሩ ጭንቀት ለሠራተኛዋ ተረፈ። «አባቱን አልጥልም አለ» ብሎ ያጨበጨበ ሰው፣ ያለመጣሉን ድካም በእጇ የተሸከመችው ማን እንደሆነች ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውንም እናውቀዋለን። ራዚየህ አንድ ቀን አዛውንቱን ከአልጋው ጋር አሥራ ትወጣለች፤ ናደር ሲመለስ አባቱን ወድቀው ያገኛቸዋል። ሴትዮዋን ሌባ ጭምር ብሎ ከበሩ ይገፈትራታል፤ ፅንሱም ይጨናገፋል። ነፍሰ ጡር መሆኗን ያውቅ እንደነበር ሲጠየቅ «አላውቅም ነበር» ይላል። ያውቅ ነበር። ይህን ውሸት ታዳጊ ልጁ ተርመህ ደረሰችበት፤ አባቷ እንዳይታሠርባትም ዳኛው ፊት ቀርባ እሷም ዋሸች። እኔ በዚያ ፊልም ውስጥ ከዚህ የከፋ ነገር አላየሁም። አንድ አባት የገዛ አባቱን ለማክበር በተነሣበት መንገድ ልጁን ለሐሰት ምስክርነት አደረሳት፤ አዳራሹ ግን ዝም አለ። የዚያች ልጅ ፊት እየታየ «የሁሉም ጥፋት ከእናትየዋ ነው፤ ባትወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» የሚል ድምፅ ከጎኔ ሰምቻለሁ። በዚህ ስሌት ከተሄደ ናደር ሰው የገፋው በሲሚን እጅ፣ የዋሸውም በሲሚን አንደበት ነው ማለት ነው።

የበለጠ የሚያናድደው ደግሞ ሌላ ነው። ነገሩ ሲበላሽ ለማስታረቅ የሮጠችው ማን ነበረች? የራዚየህን ባል፣ ያን ሥራ ያጣና ባለዕዳ ያስጨነቀውን ጫማ ሠሪ፣ በካሣ እንዲስማማ ለማግባባት የደከመችው ማን ናት? ያው «ትዳሯን የጣለች» የተባለችው ሲሚን ናት። እኛ ዘንድ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው ስሙ የታወቀ፣ ወንበር የሚለቀቅለት ሽማግሌ ነው። እሷ ግን ጠብን በገንዘብ ለመዝጋት የምትሞክር ፈሪ ተደርጋ ታየች፤ ባሏ ዘንድም፣ እኛ አዳራሽም።

በዚያ ምሽት አዳራሹ ፊልሙን በትክክል የተረዳበት አንድ ጊዜ እንደነበር መመስከር አለብኝ። ናደር ካሣውን ከመክፈሉ በፊት ራዚየህ ፅንሱን ያጣችው በእሱ ግፊት መሆኑን በቁርኣን ትማል ዘንድ ይጠይቃታል። እሷ ከመገፍተሯ በፊት በነበረው ቀን መኪና ገጭቷት ስለነበር ልቧ ተጠራጥሯል፤ ባሏ ከዕዳው የሚወጣበት ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ እያለ አልምልም ትላለች። መሐላ ቀልድ ባልሆነበት አገር ይህን ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ትንፋሹን ያዘ። ራዚየህ የታመመ ሽማግሌን አሥራ የወጣች፣ ከባሏ የደበቀች፣ እውነቱን ዘግይታ የተናገረች ሴት ናት። «የምትወደድ» አይደለችም። ከሁሉም ይልቅ ያከበርናት ግን እሷን ነው። ተመልካቹ ያልወደደውን ሰው ሊረዳ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አዘጋጆቹ ከቁጣው ይልቅ ይህችን ቅጽበት ቢመዘግቡ ኖሮ ውሳኔያቸው ሌላ በሆነ ነበር።

«የእኛ ሕዝብ» የሚለው አነጋገርም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አባጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም የፈሰሰበትን ጉዳይ ይዘው ሲቀመጡ የሟችም የገዳይም ወገን ይሰማል፤ ከተከራካሪዎቹ ማንኛው ደስ እንደሚል የሚጠይቅ አባጋር አልሰማሁም። የባልና ሚስት ሽምግልናም እንዲሁ ነው፤ ምላሷ የሚያቆስል ሚስትም ብትሆን እስከ መጨረሻው ትደመጣለች። በዘፈኑም ቢሆን የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት ያወጣ ሕዝብ የከዳም የተከዳም፣ የጨከነም የተለማመጠም ሲያንጎራጉር አብሮ ሲያዜም ኖሯል። ሕጉም ቢሆን ከአዳራሹ ቀድሟል፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው የትዳር ጓደኛውን ጥፋት እንዲያስረዳ አያስገድዱም። እንግዲህ ሽማግሌው የማይጠይቀውን፣ ዳኛው የማይጠይቀውን፣ ቲኬት የቆረጠ ተመልካች ከሲሚን የሚጠይቃት በምን ሥልጣኑ ነው?

ይህ የደሴ ችግር ብቻ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ፌታል አትራክሽን» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም መጀመሪያ የተቀረጸው አመንዝራው ባል የተዋት ሴት ራሷን እንድታጠፋና ግድያው በእሱ እንዲሳበብ ሆኖ ነበር። ለሙከራ የታየላቸው ተመልካቾች ይህ አላረካቸውም፤ ሴትዮዋ ስትቀጣ ማየት ፈለጉ። ስቱዲዮው መጨረሻውን አስቀይሮ፣ ገጸ ባሕርይዋን የተጫወተችው ግሌን ክሎዝ እየተቃወመች፣ የሰውየው ሚስት በጥይት እንድትገድላት ተደረገ። ሚስቱን የከዳው ወንድ ከነቤተሰቡ ሰላም ገባ። «ብሬኪንግ ባድ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማም ባልየው አደንዛዥ ዕፅ እየቀመመ ሰው ይገድላል፤ ተመልካች ጥርሱን የነከሰው ግን «ተው» በምትለው ሚስቱ ላይ ነበር። ሚስቲቱን የተጫወተችው አና ጋን በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ እንደጻፈችው፣ ጥላቻው ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ በእሷ በራሷ ላይ የግድያ ዛቻ እስከመሆን ደርሷል። ገዳዩ ባል በአንጻሩ ጀግና ተባለ፤ ፎቶው ያለበት ካናቴራም ተለበሰ።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ጭካኔን ብቻ ለማሳየት የተሠራ፣ ሰዎቹ ለምን እንደሚጣሉ እንኳ የማያውቅ ሰነፍ ፊልም አለ፤ እሱ ቢቀር አልከራከርም። የፋርሃዲ ፊልም ከዚያ ወገን አይደለም፤ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን ድብ፣ ቀጥሎም ኦስካርን ያገኘው በስንፍናው አይደለም።

«ወጣቱን ለመጠበቅ» የሚለው ምክንያትም ከልብ የመጣ አይመስለኝም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተመለሱ የውጭ አገር ድራማዎች በየሳሎናችን ገብተዋል። ምራቷን የምታሠቃይ አማት፣ የእኅቷን ባል የምትቀማ ሴት፣ ልጅ የምትሰርቅ ተንኮለኛ ማታ ማታ ከበረካ ቡና ጋር ስትታይ ኖራለች። ከነዚህ ሴቶች አንዷም አትወደድም። ታዲያ «ወጣቱ ተበላሸ» ብሎ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ አባወራ ስንት ነው? እንዲያውም ሁላችንም የመጨረሻውን ክፍል የምንጠብቀው መጥፎዋ የእጇን እንደምታገኝ ስለምናውቅ ነው። የሲሚን ነገር አዳራሹን ያንገበገበው ይህ ስለጎደለ ነው። ሲሚን አልታመመችም፣ አልተዋረደችም፣ ተመልሳም በባሏ እግር ላይ አልወደቀችም፤ በመጨረሻውም ትዕይንት ልጇ ከማን ጋር መኖር እንደምትመርጥ እየጠበቀች በፍርድ ቤቱ መተላለፊያ እንዳለች ፊልሙ ያልቃል። ስለዚህ አዘጋጆቹ በማስታወቂያቸው ላይ «ተመልካች የማይወዳቸው ባልና ሚስት» የሚለውን ያንሡትና «ከባሏ ተለይታ ሳትቀጣ የምትቀር ሴት ያለችበትን ፊልም አናሳይም» ብለው ይጻፉት። እኛም የምንከራከረውን እናውቃለን።