ሳይሰሙ የሚመርጡ ብፁዓን ናቸው

ሀዋሳ ውስጥ የዓመቱን ምርጥ አስር አልበም ያላወጣ ወጣት ካለ ወይ ታሟል ወይ ስልኩ ተሰርቋል። ከአቶቴ እስከ አሞራ ገደል ብትዞሩ ዝርዝር የሌለው አታገኙም። የጁስ ቤቱ አስተናጋጅ አለው። የባጃጅ ሹፌሩ አለው። ፀጉር ቤት የሚቆርጠውም የሚቆረጠውም አላቸው። ሁለቱ በአንደኛው ካልተስማሙ፣ ምላጩ ጆሮ አካባቢ ሲደርስ ዝም ማለት ይመረጣል። ሐይቃችን ዓሣው ቀነሰ ይባላል። የአልበም ዳኛ ግን ሞልቶናል።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች የሚያመሰግን ጠፋ። እንዲያውም ይተቿቸዋል። «ሳትሰማ እንዴት ታወዳድራለህ?» ይሏቸዋል። ምቀኝነት ነው። ሰምቶ መምረጥማ ማንም ያደርገዋል። ጸጋው ሳይሰሙ መምረጡ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሰፈራችን ዳኞች ሹመት ይዤ መጥቻለሁ። «ሊቀ አልበም» ብያቸዋለሁ። ካባው ሲደርስ ይላካል።

ከፍጥነታቸው ልጀምር። ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. የቴይለር ስዊፍት አዲስ አልበም ወጣ። ኒውዮርክ ላይ እኩለ ሌሊት ነው። ሀዋሳ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት። የሰፈራችን ሊቀ አልበም ቁርሱን ሳይበላ ፍርዱን ሰጠ። «ወርዳለች» አለ። በቃ። ይግባኝ የለውም። ልጅቷ ግን ገና አልጨረሰችም ነበር። 3 ሰዓት ሲሆን ሌላ 15 ዘፈን ለቀቀች። አልበሙ ለካ ድርብ ኖሯል። ተደምሮ 31 ዘፈን፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ። ሊቀ አልበማችን ይህን ሲሰማ ደነገጠ? ኧረ ምን በወጣው። ስልኩን አወጣና «ፍርዱ ጸንቷል» ብሎ ጻፈ። ሰበር ሰሚ ችሎት እንኳ እንዲህ አይቀናውም።

ትዕግሥት የለውም የሚሉት ግን አያውቁትም። ቅዳሜ አሞራ ገደል ሲወርድ እዩት። የተጠበሰ ቆሮሶ ይቀርብለታል። ቢላ የገባበትን ጎን በጣቱ ይከፍታል። ሥጋውን ከአከርካሪው ቀስ አድርጎ ያላቅቃል። ዳጣውን ነካ ያደርጋል። ትንሿን እሾህ በምላሱ ለይቶ ከከንፈሩ ጫፍ ያነሳታል፤ ሳህኑ ዳር ይደረድራታል። ጭንቅላቱን ለመጨረሻ ያቆየዋል። አጥንት የሚጠብቁት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ሰልችቷቸው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። አንድ ዓሣ 40 ደቂቃ። ከዚያ እጁን ታጥቦ አንድ ሙሉ አልበም በ5 ደቂቃ ይጨርሳል። እሾህ የለውማ።

ዘዴውን አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ጎኑ ተቀምጬ አየሁት። የቢዮንሴን «ካውቦይ ካርተር» ከፍቷል። 27 ትራክ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይሄዳል። ከአቶቴ ስንነሳ አንደኛው ላይ ነበር። ፒያሳ ሳንደርስ አለቀ። ከመጀመሪያው ጥቂት ሰከንድ፣ ከመሃል ጥቂት ሰከንድ፣ ከዚያ አውራ ጣት። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን «ተደመጠ» ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። 30 ሰከንድ! ሰው ሁሉ ሥራ ፈት መሰላቸው?

«እንዴት ነው?» አልኩት ስንወርድ።

«ፕሮዳክሽኑ አሪፍ ነው። ግን ወጥነት ይጎድለዋል» አለኝ።

ሃምሳ ቦታ ቆራርጦት ሲያበቃ ወጥነቱን ፈለገ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ከሊቅ ጋር አይከራከሩም።

ያን ዓመት ዘጠነኛ አደረገው። ጥር 2017 ላይ ግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም አለው። ሊቀ አልበማችን ዝርዝሩን አረመ እንዳትሉ። እርማት ለተሳሳተ ሰው ነው። የድሮውን አጥፍቶ አዲስ ጻፈ፤ አንደኛ አደረገው፤ ቀኑን ግን የድሮውን አስቀመጠ። ይኸው እስከ ዛሬ «ያኔ ብያችሁ ነበር» እያለ ስክሪንሾት ያሳያል። በዚህ ብቻውን አይደለም። ኅዳር 2011 የቤቲ ጂ «ወገግታ» አክራ ላይ በአፍሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ በአፍሪማ፣ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ተሸለመ። በማግስቱ ሀዋሳ ውስጥ ያንን አልበም ከመጀመሪያው ያልወደደ ሰው ጠፋ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የት ነበራችሁ ብሎ መጠየቅ ክፋት ነው። በልባቸው ነበር የሚወዱት።

ጭራሽ ማጫወቻውን የማይነኩም አሉ። እነዚህ ከፍ ያለ ማዕረግ ላይ ናቸው። ሽፋኑን አይተው፣ የዘፈኖቹን ርዕስ አንብበው ይበይናሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሲቸገሩ አይቻለሁ። በ2016 ግንቦት መጨረሻ የቻርሊ ኤክስሲኤክስ «ብራት» ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ሰው የለም። ደማቅ አረንጓዴ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ቃል። ምን ይነበባል ከዚህ? አንዱ ትንሽ አሰበና «ልምላሜ ይታይበታል» ብሎ ጻፈ። የሞቅታ አልበም ነው፣ ክለብ ለክለብ የሚያስዞር። ልምላሜውን እኔ አላገኘሁትም። ምናልባት በደንብ ስለሰማሁት ይሆናል።

ሀዋሳን ከሌላው የሚለያት ደግሞ ዓመቷ ነው። ሌላ ከተማ ዓመት ቢበዛ ሁለቴ ያልቃል። እኛ ዘንድ ሦስቴ ነው። የፈረንጆቹ አለ። እንቁጣጣሽ አለ። ፍቼ ጨምበላላ አለ። ለሦስቱም ዝርዝር ይወጣል። ፍቼን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ቀኑን የሚያውጁት የሲዳማ አዋቂዎች፣ አያንቶዎቹ፣ ሰማዩን ተከታትለው ነው። ሌሊት ወጥተው ያያሉ፤ ያሰላሉ። ኮከብ ሳያዩ አያውጁም። የኛዎቹ ይህን ሁሉ ድካም አስቀርተዋል። ኮከቡን ሳይሰሙ ያውጃሉ።

የፈረንጆቹ ዝርዝር ኅዳር ላይ ይወጣል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ወር ሲቀረው። ይህን እንኳ ከውጭ መጽሔቶች ነው የተማሩት። እነዚያም ይቸኩላሉ። ታኅሣሥ 4 ቀን 2006 ዓ.ም. ቢዮንሴ ወሬም ሳይሰማ በስሟ የሰየመችውን አልበም ድንገት ስትለቅ፣ ብዙዎቹ ዝርዝራቸውን አውጥተው ጨርሰው ነበር። ጭንቅ ሆነ። የኛ ሰው አይጨነቅም። ሰባተኛ ላይ «ክፍት ቦታ» ብሎ ይተዋል። የመጣ ይግባበት።

የዝርዝሩ አሠራር ራሱ ሙያ ነው። ሦስተኛ ላይ ሁሌም አንድ አንጋፋ ይቀመጣል። ለክብር ነው። ስለሱ የሚጻፈው አይለወጥም፦ «ያው እንደ ድሮው ባይሆንም…»። የድሮው አልበም አዲስ በነበረ ጊዜም ይኸው ነበር የተባለው። ያኔ «የድሮው» የሚባለው ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ሰውየው ከመዝፈኑ በፊት የተሻለ ነበር ማለት ነው። ስምንተኛ ላይ ማንም የማያውቀው ባንድ ይመጣል፤ አይስላንድ ምናምን አካባቢ። «አልሰማሁትም» ብላችሁ የምታፍሩት እናንተ ናችሁ። እሱም አልሰማውም፤ ግን ቀድሞ ጽፎታል።

እኔን የሚገርመኝ አምስተኛው ነው። አምስተኛው አልወጣም። የወጣው ፖስተሩ ነው። ግማሽ ፊቱ ጥላ ውስጥ የገባ ዘፋኝ፣ ከታች በትልቁ «በቅርብ ቀን»። የሀገራችንን «በቅርብ ቀን» ታውቁታላችሁ። ለፋሲካ ነው ይባላል። ዶሮው ይበላል፣ አልበሙ የለም። ለእንቁጣጣሽ ነው ይባላል። አደይ አበባው ይደርቃል። ፖስተሩ ግድግዳ ላይ ፀሐይ መትቶት ዘፋኙ ነጥቶ ሌላ ሰው ይመስላል። ሊቀ አልበማችን ግን ፍንክች አይልም። በየዓመቱ አምስተኛ ያደርገዋል።

«ለምን ከፍ አታደርገውም?» ብዬው ነበር።

«ቢወጣ ይወርዳል ብዬ ፈርቼ» አለኝ፣ በቁም ነገር።

አምኃ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምኃ ሪከርድስን በ1960ዎቹ መጀመሪያ አቋቁሞ በስድስት ዓመት ገደማ ያወጣው ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላና አንድ ደርዘን ያህል አልበም ነው። መሐሙድ አህመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ያለፉበት ቤት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ ምርጥ አስር ቢያወጣ የሚጥለው ሁለት ብቻ ነበር። የኛ ሰው በዓመት ሦስቴ አስር አስር ሲመርጥ የሚጥለው ይተርፈዋል። ታዲያ ማን ይበልጣል?

ክርክራቸውም የዋዛ አይደለም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሁለት ሊቃነ አልበም ከተገናኙ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንዱ «እሳት ነው» ይላል። ሌላው «ቀሽም ነው» ይላል። ጠረጴዛ ይመታል። ብርጭቆ ይንጫጫል። ባለፈው መሃል ገብቶ «እሺ እስቲ አንዴ እንስማውና…» ያለ ልጅ ነበር። ሁለቱም ዞረው አዩት። ከዚያ ወዲህ አብሯቸው አይቀመጥም። ፋራ ነው ተብሏል።

አሁን አንድ ነገረኛ «ለመሆኑ ይገዛሉ ወይ?» ይለኛል። ነውር ነው። ፍቅር በገንዘብ አይገዛም። የስልክ ዕቃ ሱቅ ገብተው «አዲሱን ሙሉውን ጫንልኝ» ይላሉ። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ «አዲስ» የሚል ፎልደር አለው። እሱ ውስጥ «አዲስ አዲስ» አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ «የመጨረሻው አዲስ»። ፍላሹ ተሰክቶ ይገለበጣል። ለጫነው ይከፈለዋል፤ ለዘፈነው ምስጋና ይደርሰዋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሥራውን ማባዛትና መሸጥ ይከለክላል። ሊቀ አልበሞቻችን አዋጁንም በጣም ነው የሚወዱት። አላነበቡትም።

በ2011 ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ «አውታር»ን ይዘው ሲመጡ፣ ዘፈን በጥቂት ብር በስልክ መግዛት ይቻላል ተባለ። ያን ጊዜ የሰፈራችን ድጋፍ ልዩ ነበር። መተግበሪያው ወረደ። ተጻፈለት፣ ተጨበጨበለት። «የጥበብ ሰው ይጠቀም!» ተባለ። ዘፈኑ ግን ቴሌግራም ላይ እስኪለቀቅ ተጠበቀ። መደገፍ ሌላ፣ መግዛት ሌላ።

ባለፈው አንድ ዘፋኝ ለሥራ ሀዋሳ መጥቶ ነበር። ስሙ ይቆየን፤ አልበሙ በሊቀ አልበማችን ዝርዝር ሰባተኛ ነው። ክፍት ቦታዋ ደርሳው። ጁስ ቤት ቁጭ ብሎ ስፕሪሱን በማንኪያ ሲያማስል አገኘነው። ሊቀ አልበማችን ዘሎ ሄደ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሰልፊ ተነሱ።

«ወንድሜ፣ የዓመቱ ሰባተኛ ነህ!» አለው።

ዘፋኙ ከልቡ ደስ አለው። «እግዜር ይስጥልኝ። የትኛውን ዘፈን ወደድከው?» አለ።

«ሁሉንም!» አለ የኛ ሰው፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ስፕሪሱ ሊያልቅ ሲል ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደው ሙሉውን በቴሌግራም ብትልክልኝ?» አለው። «ሰው እየጠየቀኝ ተቸግሬ ነው። ከሰማሁት ስድስተኛ አደርግሃለሁ።»