ስለ ባህል ሲሉ የሚሰክሩ

የዘመኑ ተማሪ ሰነፍ ነው፣ ከስልኩ ቀና አይልም እያላችሁ የምታሙ ሁሉ፣ በመስከረም ከሚውሉት ቅዳሜዎች በአንዱ ጎህ ሳይቀድ ቪየና ባቡር ጣቢያ ብቅ በሉና አፋችሁን ያዙ። ያ የጠዋት ሁለት ሰዓት ክፍል ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ፣ ታጥቦ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የቆዳ ቁምጣ በማንገቻ አንጠልጥሎ ባቡር ይጠብቃል። ቆዳ ያልኩት ለጨዋነት ነው። እውነተኛው ሌደርሆዘን ኪስ ስለሚያራቁት፣ የሱ በኦንላይን የመጣና ላብ ሲነካው ቀለሙን ለጭን የሚለግስ ዓይነት ነው።

«ወዴት ነው?» ብትሉት «ሙኒክ፣ ኦክቶበርፌስት፣ ለባህል» ይላችኋል። ኦክቶበርፌስት የጀርመኗ ሙኒክ በየዓመቱ ድንኳን ጥላ የምታከብረው የቢራ በዓል ነው። ልብ በሉ፣ ለቢራ አላለም። ቢራማ ሰፈሩ ያለው ሱፐርማርኬትም ሞልቷል።

መንገዱ አራት ሰዓት ያህል ነው። ጥናቱ ግን ሙኒክን አይጠብቅም፤ ባቡሩ ሊንዝ ሳይደርስ ጣሳዎቹ ተከፋፍተው ቅድመ ጥናቱ ተጧጡፏል። ከሳልዝበርግ ወዲያ ተራራው በመስኮት ብቅ ይላል። ለማየት አንገቱን የሚያዞር የለም፤ ተራራ ምን ባህል አለውና! ድንበር ላይ፣ ፍራይላሲንግ፣ የጀርመን ፖሊሶች ይገባሉ። በፈረንጆቹ ከ2015 ወዲህ ይህ ፍተሻ የተለመደ ነው። የኛን አገር ልጅ በዚህች ሰዓት ትለዩታላችሁ፤ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ያስቀመጠ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ «አውሮፓ ውስጥ ምን ድንበር አለ» ብለው የቤተ መጻሕፍት ካርድ ይዘረጋሉ። ካርዷ ከተሰጠች ጀምሮ ለአገልግሎት ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ሙኒክ እንደደረሱ ካርታ አያስፈልጋቸውም፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ እየገፋ ያደርሳቸዋል። ትዕግሥታቸውን ማድነቅ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ድንኳኖቹ ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለሚከፈቱ፣ ከቪየና የመጣው ተመራማሪ ሲደርስ በሩ ላይ «ሞልቷል» የሚል ይጠብቀዋል። ወንበር የሌለው ደግሞ አይቀዳለትም። ጠረጴዛውን ከወራት በፊት ድርጅቶች ይዘውታል። እናም የፕሮፌሰርን ፊርማ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያቃተው ልጅ፣ በዝናብ፣ በባዶ ሆድ፣ በቁምጣ፣ እግሩን እያፈራረቀ ይቆማል። እንዲህ ያለ ጽናት በፈተና ሳምንት ቢታይ ኖሮ እኮ አውሮፓ ዶክተር የሚቀጠርበት ታጣ ነበር።

ዋጋው ሲነገረውም ቅር አይለውም። በ2025 አንድ ሊትር ቢራ ከ14.50 እስከ 15.80 ዩሮ ነበር። የድሮዎቹ የሙኒክ ሰዎች ግን ሥልጣኔ ያልገባቸው ነበሩ፤ በ1844 የቢራ ዋጋ ቢጨመርባቸው የጠማቂዎቹን ቤት ሰባብረው፣ ንጉሥ ሉድቪግን ዋጋ አስቀነሱ። የዛሬው ተማሪ አስራ አምስት ዩሮ ከፍሎ፣ ጉርሻ ጨምሮ፣ አስተናጋጇን አመስግኖ፣ ማታ ደግሞ የካፍቴሪያ ሾርባ በሃያ ሳንቲም ተወደደ ብሎ የተቃውሞ ፊርማ ያሰባስባል።

በስተመጨረሻ ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ ተገኘ እንበል። የኛ ልጅ አግዳሚው ላይ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ ለእናቱ ይልካል። ወዲያው ይደወላል።

«ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? ይሄ ሁሉ ድንኳን የማን ለቅሶ ነው?»

«ለቅሶ አይደለም እማዬ፣ ሰርግ ነው።»

«እሰይ! የማን ሰርግ?»

«የልዑል ሉድቪግ።»

«በል እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ። ደግሞ መስቀል ነው፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳትቀር።»

ልጁ አልዋሸም። ነገሩ የተጀመረው ኦክቶበር 12 ቀን 1810 ልዑል ሉድቪግ ቴሬዛን ሲያገባ ነው፤ ለሕዝቡም የፈረስ ግልቢያ ተዘጋጀለት፣ መስኩም በሙሽራዋ ስም ተሰየመ። ግልቢያው ቀርቷል። ሙሽራው ራሱ ነግሦ፣ ከአንዲት ዳንሰኛ ጋር ጣጣ ውስጥ ገብቶ፣ በ1848 ዙፋኑን ለቋል። ታዳሚው ግን አልለቀቀም፤ በ2023 እንኳ ሰባት ሚሊዮን ተሻግሮ ነበር። ሰርግ ማክበር ማለት ይሄ ነው።

ባህሉን ምን ያህል እንደመረመሩት ደግሞ እዩ። ዲርንድል የሚባለው የሴቶች ባህላዊ ቀሚስ ሽርጥ በግራ ከታሰረ «አላገባሁም»፣ በቀኝ ከታሰረ «ባለቤት አለኝ» ማለት ነው። ከቡድኑ አንዷ፣ ፎቶ ላይ እንዳይበላሽ ብላ ከኋላ አስራዋለች፤ በሃያ ዓመቷ መበለት ሆና ዋለች። መንገድ ዳር ያሉ ሽማግሌዎች ያዩዋት የነበረው በሐዘኔታ መሆኑን የነገራት የለም። ሙዚቃውንም አጥንተዋል። በየጥቂት ደቂቃው የምትደጋገመዋን የብርጭቆ ማንሻ ዜማ፣ ቃሉን ባያውቁትም፣ ከማንኛውም የጀርመንኛ ትምህርት በተሻለ ይዘዋታል። ቢራው ስድስት በመቶ ገደማ አልኮል ስላለው ከሁለተኛው ሊትር በኋላ ምርምሩ ወደ መስክ ሥራ ይሸጋገራል። ከድንኳኖቹ ጀርባ ያለው ሣር የለበሰ ዳገት ላይ የተዘረጋውን ወጣት ሰካራም የሚል ስድ አይጠፋም። እኔ ግን እላለሁ፣ ከባህሉ ጋር ከዚህ በላይ ተጠግቶ የተኛ ሰው የለም። አንዱ ባዶውን የቢራ ብርጭቆ በጃኬቱ ሸፍኖ ሊወጣ ሲል በር ላይ ጥበቃዎች ይቀበሉታል። ቅርስ ሊያስጠብቅ እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

እሁድ ጠዋት ባቡሩ እስኪደርስ ሰዓታት ይቀራሉ። ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት አልቴ ፒናኮቴክ የሥዕል ቤተ መዘክር እሁድ መግቢያው አንድ ዩሮ ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬሽት ዱሬር በ1500 የሳለው የራሱ ምስል እዚያ ተሰቅሏል፤ ፊት ለፊት ትኩር ብሎ የሚያይ፣ ያልጠጣ ሰው ፊት። ልጆቹ ግን አንድ ዩሮ በከንቱ አያባክኑም። ጣቢያው ወለል ላይ ቦርሳቸውን ተንተርሰው የትናንቱን ሂሳብ በስልክ ይካፈላሉ፤ አራት ሊትር ማን እንደጠጣው ስላልታወቀ ዳገቱ ላይ ተኝቶ በነበረው ላይ ይደመራል።

ጥናቱም በዚህ አያበቃም። ለንጽጽር ሲባል ለሚቀጥለው ቅዳሜ የሌላዋ የጀርመን ከተማ የሽቱትጋርት ትኬት ከወዲሁ ተቆርጧል። እዚያም ድንኳን አለ፣ እዚያም ሊትር አለ። ያኛው በዓል በ1818 የተመሠረተው ከጽኑ ረሃብ ማግስት፣ ገበሬውን ለማበረታታት ነው። ልጆቹ ይህንን አያውቁም። ደርሰው ያጠኑታላ!