ደካማውን ልጅ ለምን ደበቅነው?

የድሬ ሰዎች፣ ይህን ነገር ዋጥ አድርጌ ላልፈው ብል አልሆነልኝም።

ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ነው። የጎረቤቴን ልጅ ከእናቱ ጋር መደብ ላይ አገኘሁት። ሦስተኛ ክፍል ነው። ቀኑ የትምህርት ቀን ነው፤ ሰዓቱም የትምህርት ሰዓት።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኩት።

«አለ ጋሼ። እኔ ግን አትምጣ ተብያለሁ።»

የሂሳብ ችሎታ የሚመዝኑ ሰዎች ይመጣሉ አሉ። እሱና መሰሎቹ ውጤት እንዳያበላሹ ቤት እንዲውሉ መምህራቸው ነግሯቸዋል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ አላፈረም፣ አልከፋውም። ዕረፍት የተሰጠው ነው የመሰለው። እናቱን አየኋት። «መምህሩ ካለ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ሁለት ኪሎ ድንች ኪሎውን በ45፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በ70 ገዛሁና 200 ብር ሰጠሁት። «160 ነው» ብሎ 40 ብር መለሰልኝ። እናቱን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ከዚያ ካርቶን ላይ 47 እና 74 ጻፍኩለት። የቱ ይበልጣል? ብዙ አየው። «ያው ናቸው፤ አራትና ሰባት» አለኝ።

ይህ ልጅ ሂሳብ ይችላል እኮ! ያልገባው የአንድ ቤትና የአሥር ቤት ነው። አሃዙ የተቀመጠበት ቦታ ዋጋውን እንደሚለውጥ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሳየው ሰው የለም። እንዲህ ያለው ምዘና ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መዛኙ ልጁን ለብቻው ያስቀምጠዋል። በሚማርበት ቋንቋ በቃል ይጠይቀዋል። ቁጥር ያስነብበዋል፣ የሚበልጠውን ያስመርጠዋል፣ የጎደለውን ቁጥር ያስሞላዋል፣ ያስደምረዋል፣ ያስቀንሰዋል። ልጁ አለፈ ወይም ወደቀ አይባልም። የሚመዘነው የእኛ ማስተማር ነው። ያ ወንበር ከማንም በፊት ለዚህ ልጅ ይገባው ነበር። ትኩሳት ያለበትን ልጁን ደብቆ ጤነኛውን ለሐኪም የሚያሳይ ወላጅ አለ?

መምህሩን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ግን እሱን ማን አስፈራው? ውጤትህ ለምን ዝቅ አለ የሚል አለቃ አስፈራው። እኛም ወላጆች አስፈራነው። አቦ፣ «ስንተኛ ወጣህ?» እንላለን እንጂ «ምን ያልገባህ አለ?» ብለን ልጆቻችንን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጆች ሳይደግሙ እንዲያልፉ ሲወሰን፣ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ እየመዘነ ክፍተታቸውን እንዲሞላ ታስቦ ነበር። ማለፉን ያዝን፣ ምዘናውን ጣልን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ጮኸ። ሦስተኛ ክፍል ላይ 47ን ከ74 መለየት ያልቻለ ልጅ ዝም ተብሎ ሲያልፍ ግን ማንም አልጮኸም። ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል።

በህንድ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «አሰር» የሚባል ምዘና አለ። መዛኞቹ ልጆቹን ቤታቸው ድረስ ሄደው ነው የሚጠይቋቸው። የቀረውም፣ ያቋረጠውም ይቆጠራል። እኛም ጋ እስኪመጣ ግን የግድ መጠበቅ የለብንም።

እናቶችና አባቶች፣ በምዘና ቀን ልጃችሁን አስቀሩ ብትባሉ እንቢ በሉ። ይዛችሁት ሂዱ። መምህራን፣ ዜሮ ከሆነ ዜሮ ይጻፍ። እውነቱን በመጻፉ የሚገሰጽ መምህር ካለ አብረነው እንቁም። እንዲህ የሚደፍሩ መምህራን በከተማችን አይጠፉም፤ ብቻቸውን ስለሆኑ ነው ዝም ያሉት። ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ከየትምህርት ቤቱ ጥቂት ወላጆች ቢነሱ ግን የሚቀጥለው ምዘና ከዘንድሮው የተሻለ እውነት ይናገራል። ለጊዜው ከዚህ በላይ የመለመን አቅም የለኝም።