ታማኝ፣ ትሁት፣ ተያዥ ያላት

ዘወትር ጠዋት ማኪያቶ በምጠጣበት ካፌ መግቢያ መስታወት ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ሰሞኑን ዐይኔን መውጋት ጀምራለች። «ታማኝ፣ ትሁት፣ ፈጣን፣ ጥሩ ቁመና ያላት፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድና አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የምትችል አስተናጋጅ በአስቸኳይ እንፈልጋለን፤ ደመወዝ በስምምነት» ትላለች። ወረቀቷ ብዙ ስለሰነበተች ፀሐይ ያልጎበኘው ፊደል የላትም፤ ከሁሉ ቀድሞ የጠፋው ደግሞ ጎላ ብሎ እንዲታይ በቀይ የተጻፈው «በአስቸኳይ» ነው። የካፌው ባለቤት በበኩላቸው ሒሳብ ስከፍል ባገኙኝ ቁጥር «ሠራተኛ ጠፋ እኮ ጋሼ!» ይሉኛል። አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ፊት አንገቱን አስግጎ የሚውለውን ወጣት ላየ ሰው፣ ይህን ደፍሮ መናገር ቀላል አይደለም።

ይህን እሮሮ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ነው። ካሉን ተረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ሲሆን፣ የምወድበትም ምክንያት ቆጡ ላይ ምን እንደተቀመጠ ሳይነግረን ማለፉ ነው። ቅቤ ይሁን ማር ወይስ ባዶ አገልግል፣ ሴትዮዋ ራሷ የምታውቀው አይመስለኝም፤ ከፍ ብሎ መቀመጡ ብቻ ለመንጠራራት በቅቷታል። የብብቷን ግን አብሯት የከረመ ነውና ከነጉድለቱ ታውቀዋለች፤ የናቀችውም ስላወቀችው ነው። ቅር የሚለኝ ተረቱ ጥፋቱን በሴት ላይ መጫኑ ብቻ ነው፤ የብብታቸውን ሲጥሉ ያየኋቸው የካፌ፣ የጋራዥና የቡቲክ ባለቤቶች በአመዛኙ ቀበቷቸውን ከሆዳቸው በላይ የታጠቁ ወንዶች ናቸውና።

በእኛ ካፌ ብብት ውስጥ የነበረችው ልጅ የማን ማኪያቶ ጠቆር እንደሚል፣ የማን ሻይ ስኳር እንደማይገባበት፣ የትኛው ደንበኛ ጋዜጣውን አንብቦ ሳይጨርስ እንደማይናገሩት ሳትጠየቅ ታውቅ ነበር። ጭማሪ ጠየቀች፤ «እናያለን» ተባለች። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ በካፌው የዋጋ ዝርዝር ላይ ወረቀት በወረቀት ላይ እየተለጠፈ ገጹ እንደ ካርቶን ሲወፍር፣ የእሷ ደመወዝ ላይ አንዲትም ወረቀት አልተለጠፈችም። አንድ ቀን መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ገባች፤ ከደንበኞቹም ቀላል የማይባሉት ተከትለዋት ተሻገሩ። የቀሩት አስተናጋጆች ደግሞ «ያረፍዳሉ» ተብለው ይወቀሳሉ። ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ፣ በእግራቸው ይመጡ የነበሩ ብዙ ሠራተኞች ወደ ከተማዋ ዳር መውጣታቸውን፣ ከዚያም ተነስቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ካፌ ለመክፈት በጨለማ ታክሲ መጠበቅ ግድ መሆኑን ባለቤቱ አያጡትም፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን «የዘመኑ ልጅ እንቅልፍ ይወዳል» የሚል ነው።

የተያዥ ነገር ከተነሳ የቆየ ቂም አለብኝ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የሩቅ ዘመዴ ልጅ ብዬ፣ ቋሚ ሠራተኛ መሆኔንና የደመወዜን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ አጽፌ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዤ አንድ ጫማ መደብር ቀረብኩ። የፈረምኩት ውል የሚናገረው ስለ ንብረት መጉደል ነበር፤ ባለመደብሩ ግን ውሉን አሰፋው። ልጁ ሲያረፍድ ይደውልልኛል፤ ልጁ ሲያመው ይደውልልኛል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከቆየ ይደውልልኛል።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ዛሬም ደንበኛ ሲገባ አልሳቀም።»

«ልጄ አይደለም እኮ ወንድሜ።»

«ተያዡ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ልጁ ከለቀቀ በኋላ እንኳ መደወሉን አልተወም፤ ሌላ ልጅ እንዳፈላልግለት ይጠይቀኝ ጀመር፤ ተያዥነቴም ኮሚሽን ወደሌለው ደላላነት አደገ። ገንዘብ ያዥና ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተያዥ ቢጠየቁ ይገባኛል፤ ሰሀን አጣቢዋ ምን ይዛ እንዳትሮጥ ነው? ትናንት ከገጠር የመጣች ልጅ በዚህ ከተማ ደመወዙን በደብዳቤ የሚያስመሰክር ዘመድ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ወደ ደላላ ትሄዳለች፤ ደላላውም ከመጀመሪያ ደመወዟ ላይ ድርሻውን ይወስዳል፤ ቶሎ ከለቀቀችም ሌላ ቤት አስገብቶ እንደገና ይወስዳል፤ በእሷ ቦታ ሌላዋን አምጥቶ ከባለቤቱም ይቀበላል። አሠሪው ታማኝ ሠራተኛ እንዲያመጣለት ገንዘብ የሚሰጠው፣ የሠራተኛ ታማኝነት ለሚያከስረው ሰው ነው።

«የሁለት ዓመት ልምድ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ ለለቀቀ ሠራተኛ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ ያገለገለበትን ጊዜና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያዛል። ያው ልምድ ጠያቂ አሠሪ ግን የምትለቅ ልጅ ወረቀቱን ስትጠይቀው «ጥለሽኝ ልትሄጂ ደግሞ ደብዳቤ!» ብሎ ይቆጣታል፤ በማግስቱም ሌላ አሠሪ የጻፈላትን ልጅ መፈለግ ይጀምራል። የሙከራ ጊዜም በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ በዚሁ አዋጅ ተወስኗል፤ እኔ ግን ሁለት ፋሲካ አሳልፋ «ገና ሙከራ ላይ ናት» የምትባል ልጅ አውቃለሁ፤ ከትዕግሥቷ በቀር ምኗ ሲሞከር እንደከረመ ሊገባኝ አልቻለም። የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ላለመክፈል ሲባል ስሟ በየትኛውም መዝገብ ላይ እንዳይሰፍር የተደረገች ልጅ፣ በምን ሒሳብ ነው ቋሚ ሁኚ የምትባለው?

ከሁሉ የሚብሱብኝ ግን «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚሉት ናቸው። ቤተሰብነቱ የሚታወሰው በበዓል ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት ሲሠራ ነው፤ ብርጭቆ የተሰበረ ዕለት ዝምድናው ይቋረጥና ዋጋው ከደመወዝ ይነሳል። ለሰሀን ቅጣት፣ ለማርፈድ ቅጣት፣ ሳይከፍል ለወጣ ደንበኛ ቅጣት እየተባለ በወሩ መጨረሻ የሚቀረውን ገንዘብ ልጅቷ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ትቀበላለች። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ እንደማይቆረጥ፣ ሲቆረጥም ከወሩ ደመወዝ ሲሶ ማለፍ እንደሌለበት የሚነግራት የለም። ይህን ለዛ ባለው አነጋገር ላልፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ድህነቷን ተማምኖ መቀማት ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሠራተኛ ጠፋብኝ ሲል እኔ የምሰማው ሠራተኛ አመለጠኝ ሲል ነው።

ወደ ወረቀቷ ልመለስ። የካፌው ባለቤት ከእነዚህ ወገን ናቸው አልልም፤ አከራያቸው በፈለገ ጊዜ ኪራይ ይጨምርባቸዋል፣ መብራት በሄደ ቁጥር የቡናው ማሽን ይቆምባቸዋል፣ ግብሩም አለ። በቀደም ታዲያ ደፈር ብዬ፣ «ለመሆኑ ደመወዙን ለምን አይጽፉትም? ስንት እንደሚከፈላት የማታውቅ ልጅ ምን ብላ ትገባለች?» አልኳቸው። ግራ ቀኛቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ከጻፍኩትማ ውስጥ ያሉት ያነቡታል!» አሉኝ። ለአዲሲቱ ያሰቡትን ለነባሮቹ ቢሰጡ ወረቀቷም ባላስፈለገች ነበር ለማለት አፌን ስከፍት፣ አስተናጋጇ ሒሳብ ይዛ መጣችና ወሬያችንን ወደ ዝናቡ አዞርነው።

እዚያው ሰፈር አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት አሉ። ጋጋሪዎቻቸው ሲቀያየሩ አይቼ አላውቅም፤ የሚያደርጉትም ጉድ የሚያሰኝ ነገር የለበትም፦ ቀኑ 30 ሲል ይከፍላሉ፣ የሳምንት ዕረፍት በተራ ይሰጣሉ፣ ጡረታቸውን ያስገባሉ፣ በሠራተኞቹ ዕቁብም የመጀመሪያውን ዕጣ ለቸገረው ይለቃሉ። የዱቄት ዋጋ ሲንር የዳቦውን መጠን እኛ ላይ ያሳንሱብናል እንጂ ደመወዙ ላይ አይደርሱም፤ በዚህ እኔ በግሌ አኩርፌያቸዋለሁ። ሰሞኑን ከጋጋሪዎቹ አንዷ ዱባይ ልትሄድ ሆነና የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዳረቅላት እትዬ አስጠሩኝ። የሥራዋን ዓይነት፣ ዘመኗንና ደመወዟን ጽፌ ስጨርስ፣ «ብትመለስ ቦታዋ አለ የሚል ጨምርበት» አሉኝ፤ ደብዳቤው የሚሄደው ለሌላ አሠሪ ነው ብዬ ብከራከራቸውም አልሰሙኝም፤ ጨመርኩበት። ማኅተሙን ግን ገንዘብ ያዧ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ወጥታ ነበር፤ ሁለተኛ ቁልፍ የሚባል ነገር ስለሌላቸውም ደብዳቤው እስከ ሰኞ ማኅተም ሳያርፍበት ቆየ።