ለአራስ ጠያቂዎች የቀረበ ምስጋና

አራስ ብቻዋን አትተውም ይባላል። እውነት ነው፤ ወልጄ አየሁት። ከወለድኩ ወዲህ ብቻዬን የምሆነው መጸዳጃ ቤት ስገባ ነው። እዚያም በሩ ይንኳኳል። «አለሽ እንዴ? ስኳሩን የት ነው ያደረግሽው?»

ስለዚህ ዛሬ ለደሴ አራስ ጠያቂዎች የሚገባቸውን ምስጋና ላቅርብ። ሐረጎን ወጥተው ከኮምቦልቻ ለሚመጡትም ጭምር። በተለይ ደግሞ ከገና እስከ ጥምቀት ቤቴን ቤታቸው ላደረጉት።

ከእልልታው ልጀምር። የወለድኩት ሴት ናት። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። አንዷ አክስቴ ሦስቱን ጨርሳ ትንፋሿን ሰበሰበችና «ይሁን፤ የሚቀጥለው ወንድ ይሆናል» አለችኝ። ስፌቴ ገና አልዳነም። ስለሚቀጥለው ልጅ እንዲህ ቀደም ብሎ የሚያስብ ዘመድ ከየት ይገኛል?

ልጄ ኅዳር ላይ መወለዷም ዕድል ነው። በዓላቱ ተሰልፈው ነበር የጠበቋት። ገና፣ ጥምቀት፣ ከዚያ የራሷ ክርስትና፣ ከዚያ ረመዳንና ኢድ፣ ቀጥሎ ፋሲካ። እኛ ወሎ ነን። ከአባቴ ወንድሞች ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። አንዱ ወገን ገብቶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል። ሌላው «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ይለኛል። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ደግሞ አለ። ቡና ሳይጠጡ መሄድ ነውር ነው።

አቦል ጠጥቶ መነሳት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ምርቃቱ ያለው በረካው ላይ ነው። ችግሩ አንዱ ቡድን በረካ ላይ ሲደርስ ሌላው በር ላይ መድረሱ ነው። «ለነሱማ ይህን የቀጠነ ቡና አትሰጪያቸውም» ይባላል። ከመቁላት ይጀመራል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት ይላሉ ሐኪሞች። የእኛ ቤት ጀበና ግን ከልጄ የበለጠ ወጥቶ ወርዷል።

ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ እንዳትሉ። ጠያቂዎቼ ደጎች ናቸው። «አንቺ ተኚ፣ እኔ አፈላዋለሁ» ትላለች አንዷ። ከዚያ ካለችበት ሳትነሳ ረከቦቱ የት እንዳለ ትጠይቃለች። ከሰሉስ? ቡናውስ? ዕጣኑን የት ነው የምታደርጊው? ከመናገር ማምጣቱ ስለሚቀል ተነስቼ አመጣለሁ። ያኔ ትቆጣኛለች። «አራስ እንዲህ አትንቀሳቀስም! ወገብሽን አታውቂም እንዴ?» እንዲህ የሚቆጣልኝ ሰው ባይኖር ወገቤን ማን ያስታውሰኝ ነበር?

ስለ ብርዱም እንዲሁ ይታሰብልኛል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ቀልድ አያውቅም። የኮምቦልቻ ዘመዶቼ ቆላ ለምደው ሲመጡ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ስለዚህ ከሰሉ ወደ ልጄ ክፍል ይገባል። መስኮቱ ይዘጋል። ዕጣኑ ይጨሳል። አልጋዬ ላይ አምስት ሰው፣ ወለሉ ላይ ሌላ ስምንት ይቀመጣል። የተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። የሚገድለው ግን ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነው፤ ዘመድ ያነደደው ከሰል ምንም አያደርግም። መስኮት ልከፍት እጄን ስሰድ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ምች! ምች!» ብሎ ይጮኻል።

በአለባበሷም ላይ ክርክር አለ። የደሴዋ አክስቴ ልጅቷን በሦስት ፎጣ ትጠቀልላታለች። የኮምቦልቻዋ መጥታ «አፈናችኋት እኮ!» ብላ ትፈታታለች። ደሴ ትጠቀልላለች፣ ኮምቦልቻ ትፈታለች። ልጄ በመሃል ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ሁለቱም ዞረው በአንድነት ያዩኛል። «ወተት የለሽም መሰለኝ።»

አሁን ወደ ወተቱ መጣን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም እንደማይሰጥ፣ ውኃም እንኳ እንደማያስፈልግ ነግራኛለች። እሷ ግን አንዲት ሴት ናት። ጠያቂዎቼ ብዙ ናቸው። አንዷ የስኳር ውኃ በማንኪያ ይዛ መጣች። ሌላዋ «ሆዷን ያለሰልስላታል» ብላ ቅቤ ልታስውጣት ፈለገች። ሦስተኛዋ የዱቄት ወተት በስጦታ አመጣች፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልላ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ያን ጣሳ ሳየው ደረቴ ላይ ማስታወቂያ የተለጠፈብኝ መሰለኝ። አይሆንም ስል የሚመጣው መልስ አንድ ነው። «እናንተን ያሳደግነው በምንድን ነው ታዲያ?» ለዚህ መልስ የለኝም። ያላደጉት እኮ መጥተው አይመሰክሩም።

ስለ ቅቤው ካነሳን አይቀር፣ እርግብግቢቷ ላይ የተቀባው ቅቤ መጠን ይመዝገብልኝ። አንዷ ቀብታ ትወጣለች። ቀጣይዋ ገብታ ጭንቅላቷን ትዳስስና «እንዴ፣ ደርቋል!» ትላለች። ከቤቱ ቅቤ ለዶሮ ወጥ የተረፈው ትንሽ ነው፤ ልጄ ላይ ያለው ግን ይበቃ ነበር። አፍንጫዋም ሰልካካ እንዲሆን ገቢ ወጪው ሳብ ሳብ አድርጎላታል። በዚሁ ከቀጠለ ለፋሲካ ከኔ ይረዝማል።

ከዚያ ምርቃት አለ። የወሎ ሽማግሌ ሲመርቅ ከልቡ ነው። «እደጊ፣ ተመንደጊ፣ እንትፍ እንትፍ!» ወሩ የጉንፋን ወር ነው። መራቂው እየሳለ ነው። ልጄ ገና ጠረኗን እንኳ ያልለመድኩላት ጨቅላ ናት። «እስኪ እጅሽን ታጠቢና ያዣት» ያልኳት የባሌ የአክስት ልጅ እስካሁን አኩርፋለች። «ወለደችና ሐኪም ሆነች» አለች አሉ። እጇን ሳትታጠብ ወጥታ ሄደች። ከሄደች በኋላ ልጄን ያልሳማት ብቸኛ ሰው እሷ መሆኗን ሳስብ፣ ባለ ውለታዬ እንደሆነች ገባኝ። ሳያት አመሰግናታለሁ።

የባሌ አክስት የሰው ዓይን ያስፈራታል። ጎረቤት ሲገባ የልጄን ፊት በነጠላ ሸፈን ታደርግና «ማሻአላህ በሉ!» ትላለች። የራሷ ልጅ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጣ በስልኳ ትቀርጻለች። ማታ ቲክቶክ ስከፍት ልጄ ስታዛጋ አየኋት። ከኋላዋ እኔ አለሁ፤ ፀጉሬ ቆሞ፣ ጡቴን ልሸፍን ስታገል። ዘፈን ተለጥፎብናል። ከሥር የማላውቃቸው ሰዎች «ስታምር!» እያሉ ልብ ይልካሉ። ቡዳ ስልክ አይጠቀምም ማለት ነው።

በዓሉ ሲቃረብ ምስጋናዬ እጥፍ ሆነ። ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ለገና ላሊበላ የሚሄድ ሰው የሆነ ቦታ ማደር አለበት። ሆቴል አለ። ግን ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ስድብ ነው። «አራሷንም እግረ መንገዳችንን እንጠይቃለን» ብለው ገቡ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሱ፣ ልጅቷም አብራቸው ተነሳች። «ለሕፃኗ እንጸልያለን» አሉኝ። ቤዛ ኩሉን አይተው፣ በረከት አግኝተው ሲመለሱም አልረሱንም። ከላሊበላ እምነት አመጡልኝ። የሚታጠብ ልብስም አመጡ።

የስድስት ሳምንት ክትባቷ ከገና ዋዜማ ጋር ተገጣጠመ። ጤና ጣቢያ ልሄድ ስነሳ የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። «ለበዓል ልጅ ታስለቅሺያለሽ? መርፌው ትኩሳት ያመጣል፤ ሌሊት እንግዳ አይተኛም።» የእንግዳ እንቅልፍ እንዲህ ሲከበር ማየት ልብ ይነካል። እኔ ግን ጨካኝ ስለሆንኩ ወስጄ አስከተብኳት።

የገና ዕለት ሁለት ዶሮ ታረደ። አንዱን አጎቴ ቢስሚላህ ብሎ፣ አንዱን ባሌ በስመ አብ ብሎ። ሁለት ምድጃ ተነደደ፣ ሁለት ድስት ተጣደ። ለአንዱ ወገን ጠላ፣ ለሌላው ቀሪቦ ቀረበ። ይህን የወሎ ነገር እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። አጎቴ ለኔ ቤት ገና ብሎ ስኳርና ቡና ተሸክሞ ሲገባ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። እያንዳንዱ ድስት የራሱ ማማሰያ፣ የራሱ ጭልፋ አለው። የማይቀላቀል ነገር አይቀላቀልም። አማሳይዋ ግን ለሁለቱም አንድ ናት፤ ልጅ ታቅፋለች። አንድ ዶሮ 12 ብልት አለው። እንግዳው 12 ላይ አልቆመም።

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ግብር ሊያበሉበት ነው። ያኔም ደሴ ሰው ሁሉ ገብቶ የሚበላባት ነበረች። ንጉሡ ግን ወጥ ቤት ነበራቸው፣ እንጀራ ጋጋሪ ነበራቸው፣ ጠጅ አሳላፊ ነበራቸው። በዚያ ላይ አራስ አልነበሩም።

ባሌስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ከሰል ገዛ። በሁለተኛው ወንበር ተበደረ። በሦስተኛው እንግዳ ሸኘ። ልጁን ያያት ሥራ ሲገባ ስልኩ ላይ ባለው ፎቶ ነው። ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ተፈቅዷል። ጠያቂዎቼ ይህን ከኔ በተሻለ ያውቁታል። «አንቺ እንደሆንሽ ዕረፍት ላይ ነሽ» ይሉኛል፣ ሲኒ እያቀበሉኝ።

የዕረፍቴ ጥቅም በጥምቀት ታየ። እኔ ሰማንያ ቀኔ ስላልሞላ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ታዲያ ዘመዶቼ ልጆቻቸውን አስረክበውኝ ታቦት ሊያጅቡ ወጡ። «አንቺ መቼም ቤት ነሽ፤ ሕዝቡ ይረግጣቸዋል።» የባሌ እህት ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብላ የኔን የሐበሻ ቀሚስ ለበሰች። «ላንቺ እንደሁ አሁን አይሆንሽም» አለችኝ። እንዴት ያምርባታል! ሲመለሱ ምሳው ስላልደረሰ ትንሽ ፊታቸው ጠቆረ። ግን ይቅር አሉኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። በጾሙ ሰሞን እናቴ ለኔ ብላ አንድ ትልቅ ድስት አጥሚት ትሠራ ነበር። አራስ አትጾምም፤ ጠያቂዎቼ ይጾማሉ። አንዷ ቀመስ አደረገችና «ቅቤ የለበትም አይደል? የጾም ነዋ!» አለች። ከዚያ በኋላ አጥሚቱን በስሙ ነው የማውቀው። ሁሉም ሲጠጣ «ለወተት ጥሩ ነው» እያለ ይመክረኛል።

በዚህ ሁሉ መሃል ባህል የማታውቅ ሴት አለች፤ ስሟን አልጠራም። የሰፈራችን ሰው ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገንፎ በሳህን ሸፍና መጣች። አልተቀመጠችም። የተከመረውን ዕቃ አጠበች። የልጄን የሽንት ጨርቅ ከባልዲው አውጥታ አጥባ አሰጣች። «እኔ በር ላይ አለሁ፤ ሰው ከመጣ ተኝታለች እላለሁ፤ ተኚ» አለችኝ። ተኛሁ። ስነቃ ሄዳለች። ልጅቷን አልያዘችም። ማንን እንደምትመስል አልተናገረችም። ቡናም አልጠጣች።

አክስቶቼ ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «ኩራት ነው» አለች አንዷ። «አራስ ቤት መጥቶ ቡና ረግጦ መሄድ!» አለች ሌላዋ። የባሌ አክስትማ እንግዳ ከበር መመለሷን ስትሰማ አማተበች። እኔም ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ። እንዲህ ያለች ሴት ሰፈር ታበላሻለች። ነገ ሌሎች አይተው ቢለምዱትስ? ሰው ሁሉ ሳህን እያጠበ ቢሄድ ወግ የት ይገባል?

ሰሞኑን የክርስትናዋ ወሬ ተነስቷል። የኮምቦልቻዋ አክስቴ ደወለች። «እንዳትጨነቂ፤ አራስ ነሽ። ሁሉንም ተከፋፍለነዋል፤ ዝርዝሩን በቴሌግራም እልክልሻለሁ» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ሽንኩርቱን ማን፣ በርበሬውን ማን፣ እንጀራውን ማን እንደሚያመጣ ተከፋፍለው መስሎኛል። ከፈትኩት። የሚመጡት ሰዎች ስም ነው። የተከፋፈሉት ሚኒባሱን ነው፤ በመጀመሪያው ማን፣ በሁለተኛው ማን እንደሚሳፈር። ከሥር አንድ መስመር ጨምራበታለች።

«አጥሚቱም ይኑር። ሰዉ ሁሉ ወዶታል።»