የለንደኑ ፀሐይና የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት

ለንደን ክረምቷ ሲገባ የሚናፍቀው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ብርሃንም ይናፍቃል። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ለዚህ ይመስለኛል በ1996 ዓ.ም. ኦላፉር ኤልያሰን የተባለ አርቲስት እዚያው ለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ ፀሐይ ሲሠራ ከተማው ግልብጥ ብሎ የሄደው። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው አይቶታል። ድሮ ኃይል ማመንጫ በነበረው በሙዚየሙ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ክብ ብርሃን ሰቅሎ፣ ጣሪያውን በመስታወት አለበሰው። ግማሹ ከነነጸብራቁ ሙሉ ፀሐይ ሆነ። መብራቶቹ ቢጫ ብቻ ስለሚረጩ የሰው ሁሉ ልብስ ቀለሙ ጠፍቶ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። ሰዉ ወለሉ ላይ ተንጋሎ ጣሪያው ላይ ራሱን ይፈልጋል። እኔም ተንጋልያለሁ።

ዘንድሮ ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ስመጣ አፍሪካ አዳራሽ ገባሁ። ከመስቀል አደባባይ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ውስጥ ነው። በ1953 ተመርቆ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት አዳራሽ። ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ ጥቅምት 2017 ላይ ተከፍቷል። ያደረሰኝ የራይድ ሹፌር በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል። "ውስጡ ደግሞ ምን አለ?" አለኝ።

ውስጡ ያለው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ገና ሠላሳ ሳይሞላቸው የሠሩት የመስታወት ሥዕል ነው። 150 ካሬ ሜትር! ሦስት መስኮት፤ አንዱ ላይ ቀይ፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ፣ አንዱ ላይ ቢጫ ያይላል። የአፍሪካ ትናንት፣ ትግሏና ነገዋ። እሳቸውም ምህንድስና ይማራሉ ተብለው እንግሊዝ ሄደው ሥዕል ተምረው የመጡ ሰው ናቸው።

ኤልያሰን ፀሐይዋን ራሱ መሥራት ነበረበት። አፈወርቅ ግን ውጭ ያለችውን ፀሐይ ነው ሥራ ያስገቧት። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ደመና አለፈ። ቀዩ ቀድሞ ጠቆረ። አረንጓዴውም ደበዘዘ። ቢጫው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፀሐይዋ ስትመለስ አንዲት እናት ነጠላቸው ላይ ቀይና ቢጫ ተረጨ። አጠገባቸው የነበረች ወጣት "እማማ፣ ነጠላዎን ይዩት!" አለቻቸው። ጫፉን ዘርግተው እያገላበጡ አዩት። ከዚያ ወደ መስታወቱ ቀና ብለው "ይኼ ችቦ የያዘው ማነው ልጄ?" ብለው ጠየቋት። አንዱ ተማሪ ገባበት፣ ሌላው ተቃወመው፣ ክርክር ተጀመረ።

ይህ ለንደን ውስጥ የለም። እዚያ ከጎንህ አንድ ሰዓት የቆመ ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ዝምታውን እወደዋለሁ፤ ዓይን ሥራውን እንዲሠራ ጊዜ ይሰጣል። ግን እንደዚህ የማያውቁት ሰው አብሮ ሲያይ ሥዕሉም ይሰፋል።

በለንደን ሰዎች የምቀናው በሌላ ነገር ነው። የለንደን ሙዚየም በሥራ ቀን ብትገባ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት ወለሉ ላይ ተቀምጠው በእርሳስ ሲስሉ ታገኛለህ። መምህሯ አታጣድፋቸውም። የሳሉት ዝብርቅርቅ ይሁን፣ ግድ የላትም። ዋናው ቁጭ ብለው ማየታቸው ነው። እኔ በሄድኩበት ቀን አዳራሹ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም። አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አነሳ፣ ሰልፊ አነሳ፣ ወጣ። የብርሃን ሥዕል ግን እንዲህ አይታይም። ደመና ሲያልፍበት መጠበቅ አለበት።

እኛ ዲያስፖራዎች ደግሞ ልጆቻችንን ይዘን ስንመጣ ላሊበላ፣ ሐዋሳ፣ ከዚያ ሆቴል እንላለን። መሐል ከተማው ላይ ያለው ይቀራል። ከአራት ኪሎና ከኡራኤል አካባቢ ትምህርት ቤቶች በእግር የሚደረስ ቦታ ነው። መምህራን ሆይ፣ ወላጆች ሆይ፣ ቀድማችሁ ጉብኝት እንዴት እንደሚያዝ ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ፀሐይ ያለበትን ቀን ምረጡ። ለልጆቹም ወረቀትና እርሳስ ያዙላቸው።