የካሹ ቦታ ቢሰፋም መለያው ዋጋ ያስከፍላል

ይህ ስለ ፕሮሰሰር ካሽ (ከዋናው ማህደረ ትውስታ የመጣ መረጃ ለፕሮሰሰሩ ቅርብ ሆኖ የሚቀመጥበት ትንሽና ፈጣን ማከማቻ) ለተጻፈ ጽሑፍ የምሰጠው አስተያየት ነው። ጸሐፊው ካሹ መረጃን በእኩል መጠን ከመቁረጥ ይልቅ እንደ ፍላጎቱ ቢይዝ ብዙ ቦታ ይተርፋል ብለዋል። እስማማለሁ፤ ዋጋውን ሳያነሡ ማለፋቸው ግን ቅር አሰኝቶኛል።

በአብዛኞቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች አንድ የካሽ መስመር፣ ማለትም ካሹ በአንድ ጊዜ የሚያመጣው የመረጃ ቁራጭ፣ 64 ባይት ነው። ፕሮግራሙ 8 ባይት ብቻ ቢፈልግም 64ቱም ተግዘው ይመጣሉ፤ ለአንድ ጀበና ቡና ሙሉ ጆንያ እንደማስጫን ነው። እዚህ ጅማ ለተማሪዎቼ ይህን የማሳየው በሲ ቋንቋ በተጻፈ ትልቅ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። ሲ የአንድ ረድፍ ቁጥሮችን አጎራብቶ ስለሚያስቀምጥ በረድፍ ሲደምሩት ይፈጥናል፤ ያንኑ በዓምድ ሲደምሩት ይንቀራፈፋል። የመደመሩ ብዛት አንድ ነው፤ ልዩነቱ በየእርምጃው አዲስ መስመር አምጥቶ አብዛኛውን ሳይነኩ መጣሉ ነው።

ታዲያ መስመሩን እናሳጥረው? እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው የማህደረ ትውስታ ቦታ እንደመጣ የሚናገር የራሱ የአድራሻ መለያ ስለሚያስፈልገው መለያዎቹ ራሳቸው ቦታውን ይበላሉ። አይቢኤም በ1968 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ሲስተም 360 ሞዴል 85 በተባለው ኮምፒውተር አንድ መለያ ለ16 ብሎኮች (የመረጃ ቁራጮች) እንዲያገለግል አደረገ። መለያው ተቆጠበ፤ ያልተጠሩት ብሎኮች ግን ባዶ ቦታ ይዘው ተቀመጡ።

እኔ መረጃውን መጭመቁ ይሻላል ባይ ነኝ። በአንድ መስመር ያሉ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ ስለሚቀራረቡ አንዱን በሙሉ፣ የሌሎቹን ልዩነታቸውን ብቻ መያዝ ይቻላል፤ መፍቻው መደመር ነው። ካሽ ከትንሹና ፈጣኑ አንደኛ እርከን እስከ ትልቁና ዘገምተኛው የመጨረሻ እርከን የተደራረበ ስለሆነ፣ ይህም ቢሆን የሚስማማው ለትልቁ የመጨረሻ እርከን ነው። በጥቂት የሰዓት ምት መልስ በሚሰጠው አንደኛ እርከን ላይ መዘግየት መጨመር ትርፉን ያጠፋዋል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ሒሳብ ቢያካትቱልን ደስ ይለኛል።